የታዲዮስ ጾም

ቄስ ወልደ ሚካኤል ቀልድ ይወዳሉ። ይህን ከአምበር ገበያ እስከ ማዶው ቀበሌ የማያውቅ የለም። ለቅሶ ቤት እንኳ አንድ ነገር ጣል አድርገው ሐዘንተኛውን ፈገግ ሳያሰኙ አይወጡም። የአርባ ሦስት ቤት ሰው የንስሐ አባት ናቸው፤ ከእነዚያ ሁሉ አንዱም "አባ አስቀየሙኝ" ብሎ አያውቅም። በዚህም ውስጥ ውስጡን ይኮሩ ነበር። ኩራት ኃጢአት መሆኑን ለሌላው ሲያስተምሩ ኖረው ወደ ራሳቸው ሲመጣ ነገሩን ቀለል ያደርጉታል፤ እሳቸውም ሰው ናቸው።

የቅበላ እሑድ ግን ቀልዳቸው መዘዝ አመጣ። ያን ዕለት የንስሐ አባት ሥራ የታወቀ ነው፤ በማግስቱ ሁዳዴ ስለሚገባ ከየቤቱ ይጠራል፣ ይባርካል፣ ይቀምሳል። አባ አምስት ቤት ቀምሰው ስድስተኛው ወደሆነው ወደ አወቀ ቤት ሲደርሱ ሆዳቸው ለአንድ ጉርሻ ቦታ አልነበረውም። ባርከው፣ ለወጉ ያህል ቀምሰው በቅሏቸው ላይ ሊወጡ ሲሉ የአወቀ ሚስት ወንጌላዊት ልጇን ታቅፋ ተከትላቸው ወጣች። መስቀል ተሳለመች።

"አባ፣ ታዲዮስ በዚህ ሳምንት ስድስት ወር ይሞላዋል" አለች። "ጤና ኬላ ደግሞ ተጡት ሌላ ምግብ ጀምሪለት፣ እንቁላልም ስጪው ብለውኛል። ዕቃው ሁሉ ለጾሙ ታጥቧል፤ እንቁላል ቢነካው ቤቱን ሁሉ ማስገደፍ ነው። እንዴት ላድርግ?"

አባ አንድ እግራቸው እርካብ ላይ ነበር። "አይ እንግዲህ!" አሉ። "አገር ሁሉ ሲጾም እሱ ብቻውን ሊበላ? እሱም ይጹማ! ለፋሲካ አብሮን በዶሮ ይፈስካል!"

ደጅ የቆሙት ጎረቤቶች ሳቁ። አወቀም ሳቀ። ወንጌላዊት መሳቅ አለመሳቋን አባ አላዩም፤ በቅሎዋ መንገድ ጀምራ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ነገሩ ከአወቀ ደጅ ተነሥቶ የት የት እንደደረሰ አባ የሰሙት ከአራት ሳምንት በኋላ ነው።

ደብረ ዘይት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲወጡ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ጥሩነሽ ፈጣን ሴት ናት፤ ዙሪያ ጥምጥም አታውቅም። የጀርባ ቦርሳዋን ሳታወርድ መስቀል ተሳለመችና፣

"አባ፣ ሕፃን ይጹም ብለው አዝዘዋል እንዴ?" አለች።

"ምን አልሽ? ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ማን ጹም ይለዋል? ይኼ ጠፍቶሽ ነው?"

"እኔስ አልጠፋኝም። እንዲህ ያለችኝ የአወቀ ሚስት ናት። ሌሎች አራት እናቶችም 'አባ ለታዲዮስ እንኳ ከልክለዋል' እያሉ እንቁላሉን ለፋሲካ እያጠራቀሙት ነው።"

አባ መጀመሪያ ተቆጡ። ቀልድና ቁም ነገር የማይለይ ሰው መጣ፤ ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም፤ አንድ ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ቃለ ጉባኤ ሊያዝበት ነው ወይ እያሉ ብዙ ተናገሩ። ጥሩነሽ አላቋረጠቻቸውም። ሲበርዱ ጠብቃ ቀጠለች።

"በቅበላ ሰሞን ታዲዮስን ስመዝነው ስድስት ኪሎ ተኩል ነበር። ትናንት መዘንኩት፤ ያው ስድስት ኪሎ ተኩል ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ወር ሙሉ ካልጨመረ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። ክንዱን በባለ ቀለሙ መለኪያ ሪባን ለካሁት፤ ቢጫ ውስጥ ገብቷል። ከቢጫ ቀጥሎ ቀይ ነው አባ። ቀይ ከገባ ወደ ሆስፒታል ነው የምልከው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅም።"

"ምንም አትሰጠውም?"

"የገብስ አጥሚት ትሰጠዋለች። እሱም ቢሆን ውሃ ነው፤ ሆዱን ይነፋዋል እንጂ አያሳድገውም።"

አባ እርካቡና የጎረቤቶቹ ሳቅ ትዝ አላቸው። መጀመሪያ የመጣባቸው ለልጁ ማዘን አልነበረም። አርባ ሦስቱም ቤት "የአባ ቀልድ ሕፃን አስራበ" ብሎ ሲያወራ ነው የታያቸው። ይህን ማሰባቸው ደግሞ የባሰ አሳፈራቸው።

"ነይ እንሂድ" አሉ። "እኔው ራሴ እነግራታለሁ።"

አወቀ ድንቹን ውሃ ሊያጠጣ ወደ መስኖው ወርዶ ነበር። ወንጌላዊት ከቤቱ ጥላ ሥር ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አተር ትለቅማለች። ተነሥታ ተሳለመች፤ በርጩማ አቀረበች። አባ ታዲዮስን አዩት። አያለቅስም። ያስጨነቃቸውም ይኸው ነው፤ ሰባት ወር የሆነው ልጅ አዲስ ሰው ሲመጣበት ወይ ያለቅሳል ወይ ጢም ይጎትታል። ይኼ ግን አያቸውና ዓይኑን መለሰ። አንገቱ ቀጥኖ ጭንቅላቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ጥሩነሽ ጊዜ አላባከነችም። "እንቁላል አለ?" ስትል ጠየቀች።

"አለ፤ ለፋሲካ ያስቀመጥኩት። ዕቃ ነው እንጂ የሌለኝ።"

ጥሩነሽ ቦርሳዋን ከፍታ ትንሽ ድስት፣ ጎድጓዳ ሳህንና ማንኪያ አወጣች። እናቶችን የልጅ ምግብ አሠራር ስታስተምር ይዛቸው የምትዞረው ናቸው። "እስከ ፋሲካ የታዲዮስ ይሁኑ፤ ለብቻው ይቀመጡለት" አለችና እጇን ታጥባ ወደ ማድ ቤቱ ገባች።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ የቅበላ ዕለት ያልኩሽ ቀልድ ነበር። ሕፃን አይጾምም። ምላሴ ቀድሞኝ ነው፤ ይቅር በይኝ።"

የስድሳ ስምንት ዓመት ቄስ ሃያ አራት ዓመት ላልሞላት ሴት "ይቅር በይኝ" ሲል ቀላል ነገር አይደለም፤ አባ ተናግረው ሲጨርሱ ላብ አጠመቃቸው። አሁን ደስ ይላታል፣ ፈገግ ትላለች፣ ነገሩም እዚህ ላይ ያልቃል ብለው ጠበቁ።

ወንጌላዊት ፈገግ አላለችም። እጇ አተሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

"ቀልድ ነበር?"

"ቀልድ ነበር።"

"አላወቁም ነበራ?"

"ምኑን?"

ወደ ማድ ቤቱ ዞር ብላ አየች፤ ጥሩነሽ እሳቱን እፍ ትላለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ይኼን ሳልወልድ ሴት ልጅ ነበረችኝ፤ ያስታውሳሉ" አለች።

"አስታውሳለሁ። በአሥራ አንድ ቀኗ ያረፈችው።"

"ክርስትና ሳትነሣ። እሷን እርጉዝ ሆኜ ደም አንሶሻል፣ ወተት ጠጪ አሉኝ። የነቢያት ጾም ነበር። ጠጣሁ። አወቀ አያውቅም፣ አማቴም አታውቅም፣ ለእርስዎም አልተናዘዝኩ። ጓሮ ተደብቄ ነበር የምጠጣው። ልጄ ስትሞትብኝ በዚያ ነው አልኩ። እርስዎ ደግሞ ሰው ሁሉ ፊት 'እሱም ይጹም' ሲሉኝ፣ አወቁብኝ፣ እግዜር ነገራቸው አልኩ። ይኼንንም እንዳይወስድብኝ…"



አባ ወልደ ሚካኤል አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ኃጢአት ሰምተዋል። ድንበር የገፋ፣ በሐሰት የማለ፣ ወንድሙን ሊገድል አድብቶ ያደረ ተናዝዞላቸዋል። ሰምተው፣ ቀኖና ሰጥተው ቤታቸው ገብተው በሰላም ይተኛሉ። ይኼ ግን ሌላ ሆነባቸው። ልባቸው ተሰበረ፤ በሰው ቁስል ላይ ቆመው ሲስቁ ራሳቸውን አዩት።

"ያቺ ልጅ በወተት አልሞተችም" አሉ።

"ታዲያ በምን ሞተች?"

ለዚህ የሚሆን ጥቅስ አላጡም፤ ጥቅስ ሞልቷል። አንዱንም ማንሣት አልቻሉም። "አላውቅም" አሉ። "በወተት ግን አይደለም። ጠጪ ያለሽ ሰው ደግ አድርጓል። ያኔ ብትጠይቂኝ እኔም ጠጪ እልሽ ነበር።"

"ብጠይቅዎት ይቀልዱብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።"

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ እንዲያው እውነቱን ነው የነገረቻቸው። አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ከዚያ ገና አሁን ፊቷን በደንብ አዩት፤ ጉንጯ ገብቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

"አንቺስ በስንት ሰዓት ነው የምትበዪ?"

"በዘጠኝ ሰዓት።"

"ተዚያስ?"

"ተዚያማ አድራለሁ።"

"ጡትሽስ?"

ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "ንስሐ ይስጡኝ አባ" አለች። "ለዚያ ወተት ቀኖናዬን ሳልቀበል ሁለት ዓመት ሆነኝ። መቶ ስግደት ቢሉኝም እሰግዳለሁ።"

አባ አሰቡ። "እሺ" አሉ። "ተዛሬ ጀምሮ እስከ ፋሲካ፣ ጠዋት ልጅሽ ሲበላ አንቺም ትበያለሽ። ቀን ምሳሽን፣ ከዚያ መክሰስሽን፣ ማታ ራትሽን። ቅዳሜና እሑድ፣ ረቡዕና ዓርብ ሳትዪ አንዲት ቀን እንዳታጎድዪ። ቀኖናሽ ይኸው ነው።"

"አባ፣ ዛሬም እየቀለዱብኝ ነው?"

"ዛሬስ አልቀለድኩም።"

"እንዴት መብላት ቀኖና ይሆናል? ስግደቱን ይስጡኝ።"

"ስግደቱ ይቀልሻል" አሉ አባ። "ቀኖና የሚሰጠው የሚከብደው ነው።"

ጥሩነሽ ሳህኑን ይዛ ከማድ ቤቱ ወጣች። በደንብ የተቀቀለውን እንቁላል በማንኪያ ፈጭታ፣ ወንጌላዊት ጥቂት የጡት ወተት እንድታልብበት አደረገችና ለወሰችው። ልጁን ቀጥ አድርጋ በእናቱ ጭን ላይ አስቀመጠችው፤ ተንጋሎ የሚበላ ልጅ ትን ይለዋል። "አዲስ ምግብ ስትጀምሪለት አንድ አንዱን ነው" አለች። "እንቁላሉን ሁለት ሦስት ቀን እዪለት፤ ከዚያ ሌላ ትጨምሪያለሽ። አጥሚቱን እንደ ገንፎ ወፈር አድርጊው፣ ማንኪያውን ስታዘነብዪው የማይፈስ። ሁለት ሦስት ማንኪያ ጀምሪና ቀስ በቀስ ጨምሪለት። ጡቱም አይቅር።"

የመጀመሪያውን ማንኪያ ታዲዮስ በምላሱ ገፍቶ አገጩ ላይ አፈሰሰው። ወንጌላዊት ደንግጣ አባን አየች። "አልቀበልም አለ!"

"አላወቀበትም እንጂ እንቢ አላለም" አለች ጥሩነሽ። "እስከ ዛሬ መጥባት ብቻ ነው የሚያውቀው። አታስገድጂው፤ ቆይተሽ ድገሚለት።"

በሦስተኛው አፉን ገጠመ። አንገቱ ስር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ዋጠው። ከዚያ ማንኪያው ወደ ሳህኑ ሲመለስ በዓይኑ ተከተለውና በሁለት እጁ ሊይዘው ተንጠራራ። ጥሩነሽ ሳቀች። አባ ግን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

"እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እናገራለሁ" አሏት ጥሩነሽን። "ቀልዴን ሁሉም ሰምቷል፤ ይቅርታዬንም ይስማ። እነዚያን አራቱን እናቶች ግን እሑድ ድረስ አትጠብቂልኝ፤ ዛሬውኑ ድረሺላቸው።"

ጥሩነሽ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ወንጌላዊት ከሞሰቡ እንጀራ በሽሮ አቅርባ ተቀመጠች፤ ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ብዙ ጊዜ በእጇ ያዘችው። ወደ አጥሩ አየች፣ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ጎረሰች። እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ ቀስ ብላ አላመጠችና ዋጠች። ታዲዮስ የእናቱን አፍ ትኩር ብሎ እያየ የራሱን ከፈተ፤ አንድ ማንኪያ ጨመረችለትና ለራሷም ሁለተኛ ጎረሰች።

የቅዳሴው ሰዓት እየተቃረበ ነበር። አባ ግን ከበርጩማው አልተነሡም። እሳቸው ከሄዱ እንጀራውን መልሳ እንደምታነሣው አላጡትም፤ ስለዚህ መጨረሻዋን ቁራሽ እስክታነሣ ድረስ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።

ወንጌላዊት እጇን ታጠበች። ቀርባ ዝቅ አለች።

"በላሁ፣ አባ" አለች፣ እንደሚናዘዝ ሰው በሹክሹክታ።

አባ መስቀሉን ግንባሯ ላይ አኖሩ።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ልጄ" አሉ።