ጋሼ ያልመሰከሩልኝ ዘፈን

እኔ ሙላው ቤዝ ጊታር ስመታ ታኮማ ወደብ የቆሙ መርከቦች መልሕቃቸውን ነቅለው ይሸሹ ነበር። ካላመናችሁ መርከቦቹን ጠይቁ። ይህችን አንዷን ግን እመኑኝ፤ ዘፈኑ የኔ ነው።

ጊዜው በኛ አቆጣጠር 2016 ዓ.ም. ነው። ጋሼ ኃይለ መስቀል ሌኒንግራድ የተማሩ፣ እዚህ ፈረንጅ አገር ሬኒየር ቫሊ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። በተማሪነታቸው ምድር ቤት ተደብቀው ሙዚቃ የሚጫወቱ የራሽያ ልጆችን በካሴት ቀድተው ነበር። ለእኔና ለጓደኛዬ ለዘካሪያስ ከከፈቱልን ወዲህ ሌላ ሙዚቃ አልጥም አለን። ቤዙ አጥንት ያበርዳል፤ ዘፋኙ ፊቱን ሳይፈታ ይዘፍናል፣ መርዶ ነጋሪ ነው የሚመስለው። ለካ የከተማችን የሙዚቃ ሰፈር ካፒቶል ሂል ያሉ ፈረንጆችም፣ ቋንቋው ሳይገባቸው፣ በዚሁ ነገር አብደው ኖሯል።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ባቡር ውስጥ ስለተረሳ ሰው ግጥም ጻፍኩ። በአማርኛ ስንሞክረው ሞቀብን። ጋሼ ወደ ራሽያኛ መለሱልን፤ እንደ ካሴቱ በረደ። ድምፅ ያለው ዘካሪያስ ስለሆነ እሱ ሊዘፍን፣ እኔ ቤዝ ልመታ ተባባልን።

አንድ ቅዳሜ ካፒቶል ሂል መኪናዬን ፓርክ አድርጌ አንድ መጠጥ ቤት ጎራ ስል ዘካሪያስ ከሌላ ቤዝ መቺ ጋር መድረክ ላይ ቆሟል። ዘፈኔን ጨረሰና፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

ሲወርድ ያዝኩት። «የኔን ዘፈን?»

«ሶ ዋት? ለማን ልትነግር ነው? መርከብ አስበረገግኩ የምትል ሰውዬ! ማን ያምንሃል?»

እውነቱን ነው። በኛ ሰፈር «ሙላው ነገረኝ» ያለ ሰው ይሳቅበታል። ምስክር ግን አለኝ ብዬ ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችንንም ቤታቸው ጠሩን።

«ጋሼ፣ ግጥሙን ያመጣልዎ ማነው? ይመስክሩልኝ!»

ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ስማ ሙላው፤ ከመሰከርኩ አንዳችሁን አጣለሁ። ካስታረቅኩ ሁለታችሁም ትቀሩልኛላችሁ። በሉ ተነሱ፣ ተሳሳሙ።»

«ኧረ ጋሼ! እርቅማ ጥፋተኛው ሲታወቅ ነው!»

«ያለፈ አይቆፈርም። ሽማግሌ ልትረግጥ ነው?»

ሽማግሌ መርገጥማ አላደግኩበትም። ተነሳሁ። ዘካሪያስ አንገቴን አቅፎ ጋሼ እንዳይሰሙ በጆሮዬ፣ «ዓርብ ታኮማ እንጫወታለን። ስምህን በር ላይ አስይዝልሃለሁ፤ በነጻ ትገባለህ» አለኝ።

ጋሼ ከኋላችን፣ «ጎሽ የኔ ልጆች! ጎሽ!» ይላሉ።