ሰላምታ ያልነበረው መልእክት

የአዴ ዙቤዳ መልእክት በመጣ ቁጥር መነጽሬን የማደርገው እያጉረመረምኩ ነበር። ሴትዮዋ የድንች ነጋዴ ናት። መንደራችን ጢቾ አጠገብ ስለሆነች፣ እሷ አሰላ ቁጭ ብላ በስልክ ታዘናለች። አሰላ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናትና የምትጽፈው በአማርኛ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊደል አልቆጠሩም፣ ልጆቹ የተማሩት በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ ነው፤ ስለዚህ መልእክቱ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ከወሎ ተመድቤ መጥቼ እዚህ አስተማርኩ፣ እዚሁ ጡረታ ወጣሁ፣ አሁን እንደ ጎረቤቶቼ ድንች እተክላለሁ። ማንበቡ ግን አልቀረልኝም፤ እያነበብኩ በኦሮምኛ እነግራቸዋለሁ።

የዙቤዳን አጻጻፍ ላስረዳችሁ። መጀመሪያ ሁላችንን ትጠይቃለች። የኦቦ ከዲሮ ወገብ እንዴት ሆነ? ሀሊሜ በሰላም ተገላገለች? የኢብሳ ላም ወለደች? በረዶው አልመታችሁም? ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ታች፣ አንድ ጥግ ላይ፣ «ማክሰኞ ድንች አምጡ» ትላለች። እኔ ዕድሜ ልኬን «ሐሳባችሁን ባጭሩ ግለጹ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ሳነብ ደሜ ይፈላል። «ይቺ ሴትዮ ድንች ነው የምትገዛው ወይስ ሕዝብ ነው የምትቆጥረው?» እል ነበር።

ዘንድሮ ዙቤዳ ትልቅ ነገር ገጠማት። አዳማ ያለ የድንች ጥብስ የሚያሽግ ፋብሪካ ለሙከራ አንድ ትልቅ መኪና ድንች ጠየቃት። በቀኑ ካደረሰች በየሳምንቱ ሊወስድ፣ ካላደረሰች ሌላ ሰው ሊፈልግ ነው። ካልሆነላት ገበያ ተቀምጣ በሳህን እየሰፈረች ወደምትሸጥበት ኑሮ ትመለሳለች። እኛም ድንቻችንን ቆፍረን በየጓሯችን ጭድ አልብሰን አስቀምጠናል። ድንች ደግሞ ፀሐይ ካየ አረንጓዴ ይሆናል፣ ማንም አይገዛውም። አይሱዙ ተከራይተን አሰላ እንድናደርስ የቀጠሮዋን ቀን ብቻ ነበር የምንጠብቀው።

ያላወቅነው ነገር ዙቤዳ ጸሐፊ መቅጠሯን ነው። ሰሎሜ የምትባል፣ ማኔጅመንት የተማረች፣ ጎበዝ ልጅ። በቅርቡ ስለ ንግድ ጽሑፍ ሥልጠና ወስዳ ነበር። እዚያ «ሰላምታ ቁረጡ፣ የታወቀ ነገር አትድገሙ፣ አንባቢያችሁ ጊዜ የለውም» ተብላ መጣች። እኔ ብሰማ ኖሮ እጇን እስምላት ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የዙቤዳ ቁጥር ነው። ጎረቤቶቼ እንደተለመደው ደጄ ላይ ተሰበሰቡ። ለረጅሙ ጉዞ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ከፈትኩት።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችሁም አሰላ እቤት ተገኙ። እንዳትዘገዩ።»

«ቀጥል እንጂ» አሉኝ ኦቦ ከዲሮ።

«አለቀ።»

«ምኑ አለቀ?»

«መልእክቱ።»

«የኔ ወገብስ?»

«የለም።»

«የሀሊሜ ልጅ?»

«እሱም የለም።»

በአገራችን መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማንም ያውቃል። መርዶ ነጋሪ አያብራራም፤ «ኑ» ብሎ ያቆማል።

ኦቦ ከዲሮ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ስልኩ የዙቤዳ ነው። ቃሉ የዙቤዳ አይደለም። እሷ በሕይወት ብትኖር እኛን ሳትጠይቅ አትዘጋም ነበር» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ለሟች የሚባለውን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ።

«እስቲ እንደውል» አለ ኢብሳ።

«ለቅሶ ቤት ተደውሎ 'ማን ነው የሞተው' ይባላል? ማን ነው ያሳደገህ?» ብለው ተቆጡት።

እኔ ምን ልበላችሁ፣ አለቀስኩ። ያቺ ያማረርኳት ሴትዮ ከእንግዲህ ስለማንም ወገብ አትጠይቅም ብዬ ሳስብ መነጽሬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ።

ጎህ ሲቀድ ድንች ሊጫንበት የነበረው አይሱዙ ላይ ሰው ተጫነ። ጋቢያችንን ለብሰን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አሰላ ደረስን። ዙቤዳ በር ላይ የአዳማው ትልቅ መኪና ቆሟል። ሰሎሜ እየሳቀች ወጣች።

«በሰዓታችሁ መጣችሁ! ጎበዞች!»

ኢብሳ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ እሪ አለ። ሴቶቹ ተከተሉ። ሰሎሜ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለች አብራ ማልቀስ ጀመረች። የመኪናው ሹፌር ይርሳውም ወርዶ ቆቡን አወለቀ። ይሄኔ ዙቤዳ እጇ በሊጥ እንደተለወሰ ከጓዳ ብቅ አለች። ሕዝቡን አየች፣ ለቅሶውን ሰማች፣ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ደረቷን መታች።

«አንቺ ነሽ እኮ የሞትሽው!» አሉ ኦቦ ከዲሮ።

ሰሎሜ «መልእክቱን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ፣ አዲሷ ጸሐፊ!» ስትል ነገሩ ገባን፤ ሳቃችን አሰላን አናወጣት። ዙቤዳ እያንዳንዳችንን በሊጡ እጇ አቀፈች፤ ጋቢዬ እስከዛሬ አልጠራም። ከዚያ ዓይኗ እኛ በመጣንበት ባዶ አይሱዙ ላይ አረፈ።

«ድንቹስ?»

«ካንቺ ለቅሶ አይበልጥም ብለን መንደር ተውነው» አልኩ።

ይርሳው ቆቡን መልሶ አጠለቀ። «ፋብሪካው አሥራ ሁለት ሰዓት ይዘጋል እናቴ። ባዶዬን ከሄድኩ ወደዚህ ሁለተኛ አይልኩኝም።»

ዙቤዳ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። «በቃ፣ አለቀልኝ» አለች።

«መኪናው እኛ ጋ ይውጣ» አልኩ። ቶሎ ከተጫነ ይደርሳል። ችግሩ መንደሩ ሐዘን ላይ ነው፤ ማንም እጁን ለሥራ አያነሳም። መደወል እንዳንሞክር እዚያ ስልክ የሚሰማው ኮረብታ ተወጥቶ ነው፤ መልእክት ግን ሾልኮ ይገባል። ለማን ይላክ? ለሀሊሜ። የኦቦ ከዲሮ ምራት ናት፤ አራስ ስለሆነች ቀርታለች፤ አሰላ አማርኛ ስለተማረች ከኔ ሌላ ማንበብ የምትችለው እሷ ብቻ ናት።

ሰሎሜ እንባዋን ጠርጋ ወዲያው ጻፈችና አሳየችኝ። «ድንቹን በጆንያ ሞልታችሁ መንገድ ዳር አውጡ። መኪና አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳል።» ተማሪዬ ብትሆን ከአሥር አሥር ነበር የምሰጣት።

«ልጄ፣ ይህን ሲያነቡ ምን የሚሉ ይመስልሻል?»

«ግልጽ አይደለም ጋሼ?»

«ለኔና ላንቺ ግልጽ ነው። ለሀሊሜ ግን ዙቤዳ ሞታለች። 'ገና ሳትቀበር ንግዷን ሊቀራመቱ' ብለው መኪናውን በዱላ ነው የሚቀበሉት።»

ሰሎሜ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ለዙቤዳ ሰጠቻት። ዙቤዳ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ጀመረች። «ሀሊሜዬ እንዴት አደርሽ? አጥሚቱ ተስማማሽ? የልጁ እምብርት ደረቀ? ዶሮሽን የበላብሽ ሸለምጥማጥስ ተያዘ?» ልትቀጥል ስትል ሰሎሜ በቀስታ ወሰደችባትና ከታች ጨመረችበት። «አዴ ዙቤዳ ደህና ናት፤ ማንም አልሞተም። ድንቹን በጆንያ ሞልታችሁ መንገድ ዳር አውጡ። መኪና አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳል።»

ስንደርስ ጆንያው መንገድ ዳር ተደርድሮ ጠበቀን። ሀሊሜ ከደጃፏ ሆና «የሸለምጥማጡን ነገር ያወራሁት ለእሷ ብቻ ነው! ያን ሳነብ እልል አልኩ!» ብላ ጮኸች። ሁላችንም ተረባርበን ጫንን። ማምሻውን ዙቤዳ መልእክት ላከች፤ ፋብሪካው ሳይዘጋ ይርሳው ደርሷል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል። ይህን ለማወቅ ስለ ላሟ፣ ስለ ወገቡና ስለ ዝናቡ በሙሉ ማንበብ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ በየመልእክቱ ከላይ ያለው የዙቤዳ ነው፣ ከታች ያለው የሰሎሜ። እኔ ግን ዓመል አይለቅምና ባለፈው ዓርብ ዝናብ እየመጣብኝ ስለነበር አንድ ሁለት ስም ዘልዬ ወደ ድንቹ ወረድኩ።

ኦቦ ከዲሮ ከዘራቸውን አነሱ። «ኢብሳን አልጠራኸውም። ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም!» ብዬ ቀና ስል ኢብሳ ራሱ፣ አጠገባቸው እንደተቀመጠ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ምን ሆንኩ?» አለኝ።

መነጽሬን ጠረግኩና ከላይ ጀመርኩ።