ናሱ ላይ የወጡት ሳጥኖች

አባባ ናሱን ለእህቴ ያስረከባት ልጁን ለባል የሚድር ሰው ፊት ይዞ ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ሰዓት ሲጠግን ኖሮ፣ በግዕዝ ቁጥር የሚነበብ አንድ የግድግዳ ሰዓት ለራሱ መሥራት አምሮት ነበር። ክቡን ናስ ቆርጦ ያለሰለሰው ራሱ ነው፤ ዝንብ አርፋበት እግሯ ሲከዳት በዓይኔ አይቻለሁ፣ ብትፈልጉ አትመኑኝ። ቁጥሮቹን መቅረጽ ብቻ ሲቀረው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እህቴ ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጨረር መቅረጫ ማሽን አላት። አባባ ማሽኑን «ዓይን የሌለው ሠራተኛ» እያለ ሲያማው ነው የኖረው። ሌላ ናስ እንደሌለው ሦስቴ ነግሯት፣ ከሰዓት መጥቶ እንደሚያየው አስጠንቅቋት ሄደ።

እህቴ ናሱ እንዳይጫር ስስ ወረቀት ለጠፈችበትና ማሽኑ ላይ አስተኛችው። ከ፩ እስከ ፲፪ ያሉትን ቁጥሮች ላፕቶፗ ላይ በክብ ደርድራ፣ በፍላሽ ወደ ማሽኑ አሮጌ ኮምፒውተር አሻገረቻቸው። እኔ ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ እስኪጨርስ ጀርባዬ ላይ ወጥቶ ወንዝ ስለተሻገረ ጉማሬ እየቀደድኩላት ነበር።

ክዳኑን ስንከፍት ጉማሬው መሀል ወንዝ ላይ ቀረ። በቁጥሮቹ ፋንታ ዙሪያውን የተሰመረው ባዶ ሳጥን ነው። በ፩ ቦታ አንድ ሳጥን፣ በ፲፪ ቦታ ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን።

እህቴ በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። ነገሩን ያስረዳችኝ ናሱን እያየች ነው። ለካ ኮምፒውተር ውስጥ ፊደሉ «ሀ»ም ሆነ ቁጥሩ «፯» የየራሳቸው መለያ አላቸው፤ ኮምፒውተሩ መለያውን ተቀብሎ መልኩን የፊደል ቅርጾች ከተቀመጡበት ከፎንቱ ይፈልጋል። የዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ፎንት ፊደሎቹን ይዟል፤ የሠራው ሰው ግን ቁጥሮቹን ዘሏቸዋል። መልኩ ሲጠፋበት ሳጥን ያስቀምጣል። እሷም ተቻኩላ ስክሪኑን አላየችም።

«ስሙን ያውቃል፣ መልኩን አያውቅም በይኛ» አልኳት። «ታዲያ እንደ እኔ አንድ ነገር አይፈጥርም?»

አልሳቀችም። ለአባባ የሚነገር ሰበብ እንዳይጠፋ ብዬ ሌባ አመጣሁ፣ መብረቅ አመጣሁ፣ አጥር ዘሎ የገባ በሬ ሁሉ አመጣሁ።

«ተወኝ ወንድሜ» አለችኝ። «ከእንግዲህ ምንም አይሰጠኝም።»

ድምጿ አንጀቴን በላው። ጉዳቱ ምን ያህል እንደጠለቀ ልይ ብዬ ወረቀቱን በጥፍሬ አነሳሁና ላጥኩት። ከሥሩ ጭረት የለም። ፏ ያለ ናስ፣ መሀሉ ላይ የእኔ የተከፈተ አፍ።

እህቴ ዘላ ስክሪኑን አየች። ጠዋት ለሌላ ሥራ የወረቀት ስቲከር ስንቆርጥ ዝቅ ያደረግነውን የጨረር ኃይል እሷም እኔም መልሰን ከፍ አላደረግነውም። ጨረሩ የበላው ወረቀቱን ብቻ ነው። አንገቴን አቅፋ ሳቀች፤ እንባዋ ሸሚዜን አራሰው፤ ጎርፍ ነበር ብዬ ባወራ ውሸቱ ትንሽ ነው።

ከዚያ ላፕቶፗ ላይ ቁጥሮቹን ፊደልነታቸውን አስረስታ ወደ ተራ መስመር ለወጠቻቸው። መስመር ከሆኑ ማሽኑ መልክ ፍለጋ አይሄድም፣ የተሰመረለትን ይከተላል። አንዴ ካርቶን ላይ ሞከረች፣ ስክሪኑን ሁለቴ አየች፣ ኃይሉን ከፍ አደረገች። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ናሱ ላይ ጠቁረው ሲወጡ ሁለታችንም አልተነፈስንም።

አባባ ሲመጣ ልትደብቀው ትችል ነበር፤ እኔም በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን ከሳጥኖቹ ጀምራ ሁሉንም ነገረችው። አባባ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። በሚንቀጠቀጥ ጣቱ ከ፩ ተነስቶ ዙሪያውን ዳሰሰ፣ ፲፪ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ምንም ሳይሆን ለምን ነገርሽኝ?»

«ናሱ የአንተ ነው አባባ።»

አባባ መነጽሩን ኪሱ ከተተና ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፣ ሰው በቅሎውን እንደሚያደርገው።

«ለሰዓትና ለደቂቃ ቆጣሪዎቹ የሚሆነውን ስስ ብረት ነገ አመጣልሻለሁ» አለ። «እኔ ከምቆርጣቸው እናንተ ቁረጧቸው።»