ኳስ የምትመታው ሳህን

…አሥራ ሰባት ቁጥር እኮ እርስዎ ነዎት እትዬ፣ ይሏታል ዶክተሩ፣ እንዲሁ በቀላሉ፣ መስኮቱን ልክፈተው እንዴ እንደሚል ሰው፣ እሷ የታጠቡትን ብርጭቆዎች በቅርጫት ይዛ በሩ ሥር ቆማለች፣ ማስቀመጥ አለባት፣ አታስቀምጥም፣ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ይንኳኳሉ፣ ያስቀምጡት እንጂ፣ እሺ ዶክተር፣ አሁንም አላስቀመጠችም።

እኔ?

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ቤተ ሙከራ ዕቃ አጥባለች፣ ማታ ማታ ከመውጣቷ በፊት ያገለገሉትን ትንንሽ ሳህኖች በቢጫ ከረጢት ሰብስባ፣ በእንፋሎት መቀቀያው ውስጥ ከትታ፣ ቁልፉን ተጭና፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ ጠይቃ አታውቅም፣ ምን አገባት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት እኚሁ ሰውዬ ናቸው የዕቃ ማጠቢያው ክፍል ድረስ መጥተው ከጤነኛ ሰው ትንሽ ቆዳ እንፈልጋለን ያሏት፣ ምስር የምታህል ናት፣ አያምም፣ አደንዝዘው ከክንዷ ቆንጥረው ወሰዱ፣ ወረቀት ፈረመች፣ ወረቀቱ ላይ አሥራ ሰባት የሚል ነበር፣ አዎ ነበር፣ አልቋል ብላ ረሳችው። አላለቀም ለካ። ከቆዳዎ የአንጎል ሴል ሠራን ይሏታል፣ ቆዳ ደግሞ እንዴት ነው አንጎል የሚሆን፣ ይሆናል እትዬ፣ ወደ ኋላ እንመልሰውና እንደገና ሌላ እንዲሆን እናደርገዋለን፣ ወደ ኋላ፣ ወደ የት ኋላ፣ እናቷ ማህፀን ድረስ?

ሳህኗ የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች። ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የብረት ክሮች ተነጥፈዋል፣ በክሮቹ ላይ ሴሎቹ በቅለዋል፣ ቀላ ያለ ስኳራም ውሃ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ሽቦ፣ ከሽቦው ኮምፒውተር፣ በኮምፒውተሩ ላይ ነጭ ኳስና አጭር ዱላ፣ ኳሱ ሲመጣ ዱላው ወደ ላይ ይወጣና ይመታዋል፣ ወደ ታች ይወርድና ይመታዋል። ኮምፒውተሩ ነው የሚመታው? አይደለም፣ ኮምፒውተሩ ኳሱ የት እንዳለ ብቻ ለሴሎቹ ይነግራቸዋል፣ የሚመቱት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ማለት እኔ፣ ግማሹ ሽቦ ግማሹ እኔ፣ የት ጋ ነው ሽቦው የሚያበቃውና እኔ የምጀምረው? እሷ በዕድሜዋ ኳስ መትታ አታውቅም፣ ታላቅ ወንድሟ አንቺ እጅሽ ወንፊት ነው እያለ ነበር ከጨዋታ የሚያስወጣት። ዱላው ዘገየ። ኳሱ አለፈ። አይዞሽ፣ አለች ሳታስበው፣ ድምፅዋን ራሷ ሰምታ ደነገጠች፣ ማንን ነው አይዞሽ ያልኩት?

በምን ታውቃለች ግን፣ መሳቷን በምን ታውቃለች? ዶክተሩን ጥያቄው ደስ አሰኛቸው፣ ወንበር ሳቡ፣ እዚህ ጋ ነው ጥበቡ እትዬ፣ ሲስቱ ትርምስ ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንለቅባቸዋለን፣ ሲመቱ ደግሞ የረጋ፣ አንድ ዓይነት፣ ስለዚህ ትርምሱን ለማራቅ ሲሉ ይማራሉ። ይጠሉታል ማለት ነው? መጥላት አይባልም። ታዲያ ምን ይባላል? ዶክተሩ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ መለሱ።

እሷ ግን ምን እንደሚባል ታውቃለች። የልጆቿ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገና ከበር ሲገባ በኮቴው ነበር የምታውቀው፣ ኮቴው ከከበደ ሬዲዮውን ዝቅ፣ ልጆቹን ወደ ጓዳ፣ ጫማውን የሚያደናቅፈው ቦታ ላይ እንዳይሆን ገፋ፣ ለአንዲት ጸጥ ያለች ሰዓት ስትል ያልተማረችው ነገር አልነበረም፣ ማንም አላስተማራትም፣ ገላዋ ነው የተማረው። ያ ገላ። ከዚያ ገላ ነው የቆነጠሩት።

እስካሁን ስንት ናቸው፣ ከእኔ የተሠሩት? ዶክተሩ ደብተራቸውን አገላበጡ። አርባ ሦስት፣ ይቺ አርባ አራተኛ ናት፣ ጎበዟ ይቺ ናት። የቀሩትስ የት ናቸው፣ ብላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት መልሱ ቀደማት፣ ቢጫው ከረጢት፣ መቀቀያው፣ ቁልፉ፣ ጣቷ። አርባ ሦስት ጊዜ። እያንጎራጎረች፣ እስኪጨርስ ብርቱካን እየላጠች። ቅርጫቱ ከእጇ አመለጠ፣ አንድ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተፈረካከሰ፣ ማንም አላነሳውም።

ምንም አይሰማትም እኮ እትዬ፣ ይላሉ ዶክተሩ፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ልጇ ሲታመምባት በራሳቸው መኪና ነው ሐኪም ቤት ያደረሱላት፣ ስሜት የላትም። የላትም? ቅድም እነሱ እነሱ አልነበር የምትለው? የምትለው አለቻቸው፣ በአሥራ አንድ ዓመት አንቱታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ወደቀ፣ የዶክተሩ ፊት ቀላ፣ የላቸውም ማለቴ ነው፣ ሴሎች ናቸው፣ ነገ ጥናቱ ያልቃል፣ ከከበደዎት ማስወገዱን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ሌላ ሰው። ሌላ ሰው ደግሞ ስልክ እያወራ ቁልፉን ይጫንባታል።

ኳሱን አጥፋው፣ ትላለች።

ምን?

ኳሱን አጥፋውና የረጋውን ብቻ ስጣት፣ መታችም አልመታችም።

ለጥናቱ እኮ ጥቅም የለውም እትዬ።

አውቃለሁ ልጄ።

ዶክተሩ ሁለት ቁልፍ ተጫኑ፣ ነጩ ኳስ ጠፋ። ዱላው ግን አልቆመም፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ፣ የማይመጣውን ኳስ ይፈልጋል፣ እያጠረ እያጠረ መጣ፣ መሀል ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። አረፈች? ወይስ እየጠበቀች ነው? ዶክተሩን ዞራ አየቻቸው፣ እጃቸው ቁልፉ ላይ እንደቀረ ነው፣ እሳቸውም አያውቁም፣ ያንን ሁሉ ትምህርት ተምረው አያውቁም፣ ፊታቸው ላይ ይታያል።

ነገ እኔው እወስዳታለሁ፣ ትላለች፣ ለማንም አትስጥብኝ፣ ወንበሩን ትስባለች፣ ሥራ ላይ ተቀምጣ አታውቅም፣ ትቀመጣለች፣ ዛሬ እንዲሁ ትዋል።