የሆልጋዶ መደብር ሁለት ፊቶች

ሻርሜን እናቷን ወደ ኤግዚቢሽኑ የጠራቻት ላስደስታት ብላ ነው። እናቷ ፓኒንግ ወጣት ሳለች በሆልጋዶ መደብር የመዋቢያ ዕቃ ትሸጥ ነበር፤ ልጇ የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

«እንደ ድሮው አድርገነዋል እማዬ፤ ስታዪው ታለቅሻለሽ» አለቻት።

ፓኒንግ አንዴ ጉልበቴን አሞኛል፣ አንዴ ዝናብ ይመጣል እያለች ስታራዝም ሰነበተች። በመጨረሻ ሰበብ አለቀባትና አበባ ያለበትን ቀሚሷን ለብሳ በጂፕኒ ታክሲ ሄደች።

ሆልጋዶ ሲከፈት የነበረውን ግርግር በባኮሎድ ከተማ ዕድሜ የጠገበ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከሸንኮራ እርሻ የመጡ ሰዎች ተንቀሳቃሹን ደረጃ እንዳያቆሽሹት ሰግተው ነጠላ ጫማቸውን ከታች ያወልቁና፣ ላይ ከደረሱ በኋላ «ጫማዬ!» ብለው ይጮኹ ነበር። ሕንፃው ከተዘጋ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ በቅርቡም ሊፈርስ ነው። የማስታወቂያ ዲዛይነር የሆነችው ሻርሜን ከጓደኞቿ ጋር ባለቤቶቹን ለምና ከመፍረሱ በፊት ምድር ቤቱን ተረከበች። ሮዝ የኒዮን መብራቶቹን አስጠገኑ፤ መስታወት የለበሱትን ዓምዶች ወለወሉ፤ የድሮዎቹን የዋጋ ሰሌዳዎች ሰቀሉ።

ፓኒንግ በሩን አልፋ ስትገባ ልቧ ሞቅ አለ። የወለሉ ሰም ሽታ እንኳ ያው ነው። ያኔ ሰማያዊ ዩኒፎርሟን ለብሳ የምትቆምበትን የመስታወት ባንኮኒ በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ ዞር ስትል አየችው።

ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ከውስጡ መብራት ያለው፣ ቆዳ ያነጣል የተባለ ሳሙና ማስታወቂያ ነው። በቀኝ «በኋላ» ይላል፤ ጸጉሯ ላይ አበባ የሰካች ቆዳዋ የነጣ ልጅ ትስቃለች። በግራ «በፊት» ይላል፤ ፊቷ የጠቆረ፣ ጸጉሯ የተንጨባረረ ልጅ አቀርቅራለች። ያቺ የግራዋ ፓኒንግ ነበረች።

ፎቶ አንሺው ወደ መደብሩ መጥቶ ሁለት ሴቶች እፈልጋለሁ ሲል ፓኒንግና ጓደኛዋ ዜኒ በደስታ ዘለው ነበር። ሰውየው ሁለቱንም በመብራት አየና አንድም ቃል ሳይናገር ፓኒንግን በግራ አስቀመጣት። የቆዳዋ ጥቁረት አልበቃ ብሎት ቡናማ ቀለም ቀቧት፤ ጸጉሯን ዘይት አስነክረው አንጨባረሩት፤ «እንዳትስቂ» አሏት። ማስታወቂያው ከበራ በኋላ የሰፈር ጎረምሶች ስሟን ረሱት። «በፊት! አንቺ በፊት! በኋላን የት ጥለሻት መጣሽ?» ይሏታል። የገና በዓል ሳይደርስ ሥራውን ለቀቀች። በኋላ ለመጣው ባሏም፣ ለወለደቻት ልጅም ትንፍሽ አላለች።

አሁን ከሥዕሉ በታች አዲስ ጽሑፍ ተጨምሮበታል። በግራዋ ሥር «ሰኞ ጠዋት»፣ በቀኟ ሥር «ዓርብ ማታ»። አጠገቡ የግራዋ ፊት የታተመበት ካናቴራ ይሸጣል። ወጣቶች ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ።

«ቲታ፣ እባክዎ አንዴ ያንሱን» አለቻት አንዲት ልጅ፣ እንደ አክስት ጠርታ ስልኳን እየሰጠቻት።

ፓኒንግ ስልኩን አነሳች። ልጅቷ ጸጉሯን በጣቶቿ አመሰቃቅላ አቀረቀረች፤ ጓደኛዋ ደግሞ ከንፈሩን ጣለ።

«ምነው ቲታ፣ እርስዎም ሳቅ ይበሉ እንጂ!» አላት።

ፓኒንግ ሳቀች። ፎቶውንም አነሳች፤ ስልኩንም መለሰች። እንደሳቀች ሲገባት ግን ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ሻርሜን እየሮጠች መጣች። «አየሽው? ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ በአቧራ ተቀብሮ ነው ያገኘነው! ጽሑፉ የኔ ነው፤ ሰው ሁሉ ወዶታል» አለችና አንድ ካናቴራ አንስታ እናቷ ደረት ላይ ለካችው። «ልክሽ ነው!»

«ጥሩ ነው» አለች ፓኒንግ።

ከኋላ በኩል ዣንጥላዋን እንደዘረጋች አንዲት ወፍራም ሴት ገባች። ዜኒ ነበረች።

«ፓኒንግ! ጉድ በይ፣ መልሰው አበሩን እኮ!» ብላ አቀፈቻት፤ ከዚያም ማስታወቂያውን ቀና ብላ አየች። «እኔስ አምሮብኛል። አንቺ ላይ ግን ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያላግጡብሽ?»

«ማን ላይ ነው የተላገጠው?» አለች ሻርሜን።

«እናትሽ ላይ ነዋ! ምን ዓይነት ልጅ ነሽ፣ የወለደችሽን አታውቂያትም?»

ሻርሜን ሥዕሉን አየች፤ እናቷን አየች። ካናቴራው እጇ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። ዜኒ ነገሩ ሲገባት አፏን በመዳፏ ያዘች። «አላወቀችም እንዴ? ውይ፣ ምላሴን በቆረጠው…»

ሻርሜን ከማስታወቂያው ጀርባ ዞራ ሶኬቱን ነቀለች። ሰልፈኛው አጉረመረመ።

«ተበላሽቷል» አለቻቸው፤ ዓይናቸውን ግን አላየችም።

እናትና ልጅ ከመንገዱ ማዶ ካለች ምግብ ቤት ገቡ። የከሰል ጥብስ ዶሮ ቀረበላቸው፤ የነካው የለም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

ሻርሜን ሩዙን በሹካ ስትበትን ቆየች። «ልጅ ሆኜ ስታጥቢኝ፣ ያ ብርቱካናማ ሳሙና… እሱ ነው አይደል? አንገቴንና ክርኔን የምታሺኝ። ሽታውን እወደው ነበር። ለድሮ ነገር ፍቅር የያዘኝ በሱ ይመስለኛል። ያቃጥለኝ ነበር ግን። ረስቼው ነው።»

ፓኒንግ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች።

«እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው» አለች።

«እኔው ሳቅኩብሽ።»

ሻርሜን ብቻዋን ተመልሳ ለጓደኞቿ እውነቱን ነገረቻቸው። አንዱ ዓይኑ በራ። «ታዲያ ይሄማ ይበልጥ ጥሩ ነው! ከሥዕሉ ጎን አቁመን ቪዲዮ እንቅረጻት።» ሌሎቹ አቀረቀሩ። ሻርሜን ማስታወቂያውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አስወጣችው፤ ያልተሸጡትን ካናቴራዎችም ሰበሰበች። የተሸጡት ግን ከተማው ውስጥ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ሻርሜን ለእናቷ እጅግ ትሁት ሆነችባት። በየማታው ትደውላለች፤ ማንጎ ትልካለች፤ ፓኒንግ ያለችውን ሁሉ እሺ ትላለች። ድሮ በቴሌቪዥን ድምፅ እንኳ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ እሑድ ሻርሜን ሳህን ስታጥብ ፓኒንግ አልቻለችም።

«አንቺ ልጅ፣ ተይ በቃ። እንደ ሰው ተቆጪኝ።»

ሻርሜን ልትስቅ ሞከረች። አፏ አልታዘዝ ሲላት ፊቷን ወደ ቧንቧው መልሳ፣ የጸዳውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች።