ተቀምጦ የሚሰማ ወሬ

«ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መሀል ቆመች» አለ ባሏ፣ ለአምስተኛ ጊዜ። «ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የምታነብ መስላ ቆመች። እኔ ደግሞ ሻንጣውን ተሸክሜ ከላይ ሆኜ፣ እማዬ፣ ሥራ ልትቀጠሪ ነው እንዴ ብዬ ቀለድኩባት።»

ከመሥሪያ ቤቱ ለለቅሶ የመጡት ሦስት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። አንደኛው የሻይ ብርጭቆውን የት እንደሚያሳርፈው ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። እሷ ሕፃኑን በትከሻዋ ደግፋ፣ በሌላ እጇ ፔርሙስ ይዛ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ቀጥሎ የሚለውን ታውቃለች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ አንድም ቃል አልቀየረም።

«የከተማውን ሊፍት ሁሉ የምጠግን ሰውዬ፣ የገዛ እናቴን ሰባ ሁለት ደረጃ በእግሯ አስወጣኋት።»

በዕድሜ የሚበልጠው የሥራ ጓደኛው ሊያጽናናው ሞከረ። የዚህ ሕንጻ ሊፍት በሌላ ድርጅት እጅ ያለ ነው፣ ያለ ፈቃድ ብትከፍተው በነጋታው ከሥራ ትባረር ነበር፣ ሕግ ሕግ ነው አለው። ባሏ መዳፎቹን አገላብጦ አያቸው። የተቃጠለው የፍሬኑ ኮይል እንደነበረ፣ መለዋወጫው በእሱ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ እንዳለ፣ ሥራው ሁለት ሰዓት እንደማይፈጅ ቀስ ብሎ አስረዳ። ሰዎቹ የሙያው ሰዎች ናቸውና አልተከራከሩትም።

ሊፍቱ የተጠገነው ትናንት፣ ከቀብሩ ማግስት ነው። አሁን ለቀስተኛ በመጣ ቁጥር አራተኛ ፎቅ ላይ ቀጭን ደወል ያሰማል። በሰማው ቁጥር የባሏ ትከሻ ይሰበሰባል። እሱ ራሱ ግን እስከ ዛሬ በእግሩ ነው የሚወጣው፣ በእግሩ ነው የሚወርደው።

ሻዩን ቀድታ ወደ ኩሽና ተመለሰች። 

የባሏ እናትና አባት በየዓመቱ ገና ሊደርስ አሥር፣ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ይመጣሉ። እናትየው ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት የሠሩ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመት ቢሆናቸውም ከሲስተር ሌላ ስም የላቸውም። አባትየው፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር እንኳ ሲስተር ነው የሚሏቸው። የተዋወቁት እሳቸው እጃቸው ተሰብሮ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለትዕዛዝ አልጋ ላይ ወጥቼ አላውቅም ይላሉ።

ዘንድሮ ግን ሊፍቱ ተበላሽቶ ነበር፤ ሲስተር ያንን ደረጃ ጨርሰው በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ከንፈራቸው ቀለሙ ጠፍቶ ነበር። ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጣታቸውን ቀስረው ሁሉንም አስጠበቁ። ከዚያ፣ «ልጄ የሰውን ሁሉ እናት በገመድ ይጎትታል፣ የራሱን በእግሯ ያስኬዳል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ባሏ ነበር።

እንግድነት አያውቁበትም። በነጋታው ማለዳ የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን ከአልጋዋ አስነስተው አንሶላውን በሆስፒታል ወግ አነጠፉ፤ አራቱን ማዕዘን ፍራሹ ሥር አጥፈው ከመወጠራቸው የተነሳ ልጅቷ ማታ ለመግባት እንደ ፖስታ መቅደድ አለብኝ እንዴ አለች። ሕፃኑን «ታካሚዬ» እያሉ ሰዓታቸውን አይተው ትንፋሹን ይቆጥራሉ። አያትና ልጅ የሳሎኑን መስኮት በወረቀት ኮከብ ሞሉት። ኮከቦቹ አሁንም እንደተሰቀሉ ናቸው። ከሦስተኛ ፎቅ የመጡት ጡረተኛ መምህርት፣ ለቅሶ ቤት ነውና እናውርዳቸው ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠይቀው ነበር። ሾፌሩ ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነሱ፣ ሲስተር የሰቀለችውን ሲስተር ታውርደው አሉ፤ ማንም ደግሞ አልጠየቀም።

እሷ ፋርማሲስት ናት፤ አሁን የወሊድ ፈቃድ ላይ ብትሆንም። ነገሩ ከሷ ሊደበቅ ያልቻለው ለዚህ ነው። አማቶቿ በመጡ ማግስት ፎጣ ፍለጋ የሲስተርን ሻንጣ ስትከፍት በትንሽ ከረጢት ሦስት ዓይነት ክኒን አገኘች። ለብቻቸው ቢሆኑ ምንም አይነግሯትም ነበር፤ ሦስቱ አንድ ላይ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገሩት። ከረጢቱን እንደያዘች ሕፃኑ ወደሚታጠብበት ክፍል ገባች። ሲስተር እጅጌያቸውን ሰብስበው ሕፃኑን በአንድ ክንዳቸው ውሃ ላይ አንሳፍፈውታል። ከረጢቱን አይተው ሥራቸውን አላቋረጡም።

«በሩን ዝጊው» አሉ። «ብርድ ይገባበታል።»

ዘጋችው።

«አሁን የምነግርሽ እንደ ምራቴ አይደለም፤ እንደ ባለሙያ ነው። የታካሚ ምስጢር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ደም የሚያሳልፈው የልብ በራቸው ጠቧል። ቀዶ ጥገናው ከገና በኋላ ባለው ሳምንት ተቀጥሮላቸዋል። ሐኪማቸውን ልጆቼ ጋ ልሂድ ወይስ ልቅር ብለው ጠይቀውት፣ ቢሄዱም ቢቀሩም ዋስትና እንደማይሰጣቸው በግልጽ ነግሯቸዋል። እንዲያ ከሆነ የልጅ ልጆቼን እያየሁ ብጠብቅ ይሻላል ብለው መጡ። ለባሏ ዛሬውኑ እንዲነገረው ለመነቻቸው። ሲስተር ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልለው አስታቀፏትና ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩበትን ደንብ ነገሯት። መጥፎ ወሬ ኮሪደር ላይ ቆሞ ለቆመ ሰው አይነገርም። ሰውየው ይበላል፣ ይቀመጣል፣ ከዚያ በጠዋት ይነገረዋል፤ ለማልቀስም ለመጠየቅም ሙሉ ቀን እንዲኖረው። በበዓል ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አይነገርም፤ ልጆች ካሉበት በየዓመቱ ያ በዓል በመጣ ቁጥር ወሬው አብሮ ይመጣል።

«በዓሉ ይለፍና እኔው ራሴ አስቀምጬ እነግረዋለሁ» አሉ። «ማይልኝ።»

ማለች። አምስት ቀን ዝም አለች። በአምስተኛው ቀን ሲስተር ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ልበል ብለው የልጅቷ አልጋ ላይ ወጡ፤ ከዚያ አልተነሱም።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ወጥተው የሊፍቱ ደወል ድጋሚ ሲያቃጭል፣ መምህርቷ ብርጭቆ ሊያጥቡላት ወደ ኩሽና መጡ። ውሃውን ከፍተው ድምፅ እንዲሸፍንላቸው አደረጉና አጠገቧ ቆሙ። ሲስተር በመጡ ዕለት ደጃፋቸው ላይ አግኝተዋቸው ይግቡና ትንሽ ይቀመጡ ቢሏቸው እምቢ እንዳሉ አወሩላት። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፦

«ባልሽ ግን ያሳስበኛል፣ ልጄ። ትናንት ማታ ደጃፌን አልፎ ሲወጣ ሰማሁት። ደረጃውን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ነው የሚወጣው። ይህ ሰው ያንን ደረጃ ዕድሜ ልኩን ሊወጣው ነው።»

እሷ ብርጭቆ አንስታ የታጠበውን መልሳ አጠበች።

ከተናገረች ባሏ ራሱን መውቀሱን ትቶ ከደረጃው ይወርዳል፤ የወረደ ቀን ግን እሷን ያገኛታል። ፋርማሲስት ሚስቱን፣ አምስት ቀን ሙሉ ከእናቱ ጋር በአንድ ገበታ እያበላችው ዝም ያለችውን። ይቅር የሚላት አልመሰላትም። በዓሉ ይለፍ ልትልም አሰበች፤ ነገ የገና ዋዜማ ነው። ወዲያው ደግሞ በዓሉ ይለፍ ያሉት ሰው በዓሉን አለማየታቸው ትዝ አላት።

ልጅቷ ሳሎን ውስጥ አያቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ገና አሁንም ይመጣል ወይ ብላ ስትጠይቅ ይሰማታል።

«ይመጣል» አሉ ሾፌሩ። «ዝም ብለሽ ፌርማታው ላይ ቁጭ በይ። ይህኛው አያልፍም፣ አይሞላም።»

በነጋታው ሾፌሩ ልጅቷን ይዘው ዳቦ ሊገዙ ወረዱ። ሕፃኑ ተኝቷል። ሽሮ አሙቃ ከትናንቱ ዳቦ ጋር አቅርባ ባሏን ጠራችውና ብላ አለችው። አልራበኝም አለ። ብላ ብቻ አለችው። ድምፅዋ ውስጥ የሰማው ነገር ይሁን ወይም ድካሙ፣ ሳይከራከር በላ። የሥራ ልብሱን ለብሷል፤ ለምን እንደለበሰው እሱም የሚያውቅ አይመስልም። ሊነሳ ሲል ተቀመጥ አለችውና ራሷም ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ደረጃው አይደለም እማማን የገደላቸው። የልብ በራቸው ጠቦ ነበር። ሲመጡም ታመው ነው የመጡት። እኔ አውቅ ነበር።»

የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ እየሰበሰበ ነበር። መሰብሰቡን ቀጠለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጡ ማግስት።»

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየች፤ እየቆጠረ ነው። «አምስት ቀን» አለ። «ሆስፒታሉ እኮ መንገዱን ተሻግሮ ነው። አምስት ቀን።»

ሌሊቱን ያዘጋጀችው ብዙ ነበር። መሐላው፣ ቀጠሮው፣ ሐኪሙ ያለው፣ የታካሚ ምስጢር። አሁን ፊቱን ስታየው አንዱም ከአፏ አልወጣም።

«አዎ» አለች።

የሊፍቱ ደወል ጮኸ። ሾፌሩ ዳቦውን አቅፈው፣ ልጅቷ ቀድማቸው ገቡ። ልጅቷ ወደ ኮከቦቿ ሮጠች። አዛውንቱ የሁለቱን ፊት አዩና ልጃቸው ከመናገሩ በፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አባባ፣ እማዬ ልቧን እንደታመመች ታውቅ ነበር?»

ሾፌሩ ዳቦውን ገበታው ላይ አስቀመጡ። «ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ» አሉ። «ዳገት ላይ ሞተር ሲደክም መቀመጫዬ ይነግረኛል። አርባ አንድ ዓመት አጠገቧ ተኝቼ የሷን ትንፋሽ አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እንዳላውቅ ፈለገች» አሉ። «አላወቅሁም።»

ባሏ ተነሳ። «እኔ ብቻ ነኛ ያልሰማሁት። በዚህ ቤት እኔ ብቻ።»

«አንተ ዘንድ ልትነግርህ ነው የመጣችው፤ እዚህ ስትደርስ ግን አቃታት። ሲስተር በሕይወቷ የፈራችው አንድ ሰው ነው፣ እሱም አንተ ነህ። ብታለቅስ ምን አደርገዋለሁ ትል ነበር።» ዳቦውን ገፋ አድርገው ጨመሩ። «ለእኔ አይደለም የምትለው። እንቅልፍ የወሰደኝ ሲመስላት ነው።»

ባሏ ማንንም ሳያይ ወደ ልጅቷ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋው። ሲስተር ካረፉ ወዲህ ሰው ያልገባበት ክፍል ነው።

ቀኑን ሙሉ አልወጣም። ለቀስተኞችን የተቀበለቻቸው እሷ ናት። የት ሄደ ሲሏት ጋደም ብሏል አለች። አንድ ሁለቱ እንዴት ሆነው አረፉ ብለው ጠየቁ። ያንን ሁልጊዜ የሚመልሰው ባሏ ስለነበረ እሷ ፔርሙሱን እንደያዘች ቆመች። ከመስኮቱ አጠገብ ሾፌሩ፣ ልቧ ታሞ ነበር አሉ፤ ወሬው በዚያው ተዘጋ። ደረጃውን ያነሳ ሰው አልነበረም። እሷ ሻይ እየቀዳች በየመሀሉ የተዘጋውን በር ታያለች። ምሳ ይዛ ደርሳ ሁለቴ ተመለሰች፤ አንኳኩታ ውጣልኝ ወይም ልግባ ለማለት ምን መብት እንዳላት ስላላወቀች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ተራገፈ። ሾፌሩ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ልጅቷን አቅፈው አሸልበዋል። ያኔ ሳታንኳኳ ገባች።

እናቱ ያነጠፉት አንሶላ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። የአንሶላው ማዕዘኖች ከፍራሹ ሥር አልወጡም። አልጋው የልጅ ነው፤ እንዳያቆሽሸው ነው መሰል እግሮቹን ከነሥራ ጫማው ከጠርዙ ውጪ አንጠልጥሏቸዋል። እንዲህ ሆኖ ስንት ሰዓት እንደቆየ እግዜር ይወቀው።

ወለሉ ላይ፣ እግሩ ሥር ተቀመጠች።  የቀኝ ጫማውን ማሰሪያ ያዘች። ቋጠሮው ጠብቋል፤ በጣቷ አልፈታ ብሎ በጥፍሯ ያዘችው፣ ቆይቶ ላላ። ጫማውን ቀስ ብላ አውልቃ ወለሉ ላይ አኖረችው። አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሹ እንደተኛ ሰው ወጥ ነው። ተኝቶ ከሆነ ልትተወው፣ ካልተኛም ልትተወው አሰበች። አንዱን አውልቆ ሌላውን መተው ግን አልሆነላትም፤ ወደ ግራው እጇን ዘረጋች።

እጇ ሳይደርስበት፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳይመልስ፣ እግሩን ከፍ አደረገላት።