የሼኽ ሮብሌ አጥር

"አቁም! አካፋውን አስቀምጥ!" ጃማ የእሾህ አጥሩን በር ዘግቶ ቆመ።

አጥሩ ውስጥ መቆፈር የጀመረው ዴቅ ቀና አለ። የአባቱ የሐጂ አደን ጀናዛ ገና ፒካፑ ላይ ነው፤ ከአሱር ሶላት በፊት መቀበር አለባቸው። ከጅጅጋ ወደ ሐርተሼክ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ይህ መቃብር፣ አገሩን መጀመሪያ ያቀኑትና የመጀመሪያውን የውሃ ጉድጓድ የቆፈሩት ሼኽ ሮብሌ ያረፉበት ነው። አጥሩ ውስጥ የሚቀበረው በአባት በኩል የእሳቸው ዘር ብቻ ነው።

"ዋሪያ ጃማ፣ አባቴ እኮ ናቸው የሞቱት!"

"አላህ ይማራቸው። ግን ይህን የዲኤንኤ ምርመራ ማን አመጣው? 'በቃል የቆጠርነውን ትውልድ ሳይንስ ያረጋግጥልናል' ብለህ በየቤቱ ምራቃችንን የለቀምከው አንተ! የአባትህና የአባቴ ዘር አይገናኝም ተባለ። አባቴ ደግሞ የዚህ መቃብር ጠባቂ ናቸው። ታዲያ ባዳው ማን ሊሆን ነው?"

ቀባሪው ሁሉ ወደ ዴቅ ዞረ።

ዴቅ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። የሁለት ናሙናዎች አለመገናኘት ብቻውን ባዳው የትኛው እንደሆነ እንደማይናገር ያውቃል። ለዚህም ነበር የሌሎች ስድስት ዘመዶችን ምራቅ ጨምሮ የላከው። መልሱ ሰሞኑን ስልኩ ላይ ገብቷል። ስድስቱም ከአባቱ ጋር አንድ ናቸው። የተለዩት የጃማ አባት፣ ሽማግሌው ዐቦኮር ብቻ ናቸው። ከእሱ በቀር ይህን ያየ የለም።

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ዐቦኮር ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። መዳፋቸው በእሾህ የተጫረ ነው፤ ይህን አጥር ከሐጂ አደን ጋር ሲጠግኑ ነው ያረጁት። ሁለት ልጆቻቸውንም እዚሁ ቀብረዋል።

"ልጄ፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የስድስቱ ሰዎች መልስ መጣ?"

ዴቅ ኪሱ ውስጥ ስልኩን ጨበጠ።

"አልመጣም፣ አጎቴ።"

"እስኪመጣ ጀናዛ አይቆይም!" አለ ጃማ።

"አይቆይም።" ዴቅ ባዶ እጁን ከኪሱ አወጣ። አካፋውን አንስቶ በጃማ አጠገብ አልፎ ወጣና ከአጥሩ ውጭ፣ እሾሁ ሥር መቆፈር ጀመረ። "ኑ አግዙኝ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።"

ቀብሩ አልቆ ዱዓው ሲያበቃ ዴቅ ወደ አጥሩ ተመለሰ። የደረቀውን እሾህ በባዶ እጁ ይዞ ከአዲሱ መቃብር ማዶ ድረስ ይጎትተው ጀመር።

"ምን እያደረግክ ነው?" ጃማ ተንደረደረ።

"አጥሩን እያሰፋሁ።"

"በማን ፈቃድ?"

"ጃማ!" አሉ ዐቦኮር። "በዚያ በኩል ያዝለት። ሰፋ አድርጉት፤ ከአደን ጎን ለእኔም ቦታ ተዉልኝ።"

ጃማ አባቱን አየ፤ ዴቅን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ጎንበስ አለ።